የትንሿ ሽጉጥ ዕዳ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ ሱቅ ያላት ኢትዮጵያዊት ናት። ሌላው በቀድሞው ጦር ውስጥ ሻምበል የነበሩ፣ አሁን ለጀማሪዎች ተኩስ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። በንግግራቸው የሚነሡት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለሱቋ፦ ሻምበል፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ሁለተኛ ሽጉጥ ልገዛ ነው። ትንሽ፣ ቀላል፣ ኪስ የምትገባ። ግሎክ 19 እንዳለችኝ ያውቃሉ፤ ተኩሱንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እሷ ጥይት ብትነክስብኝ ወይም ከእጄ ብትወድቅ የምመዝዛት መጠባበቂያ እፈልጋለሁ።

ሻምበል፦ ግሎኳ አሁን የት ናት?

ባለሱቋ፦ ከባንኮኒው ሥር፣ ከሒሳብ ማሽኑ በስተቀኝ።

ሻምበል፦ ጓዳ ገብተሽ ለስላሳ ስትደረድሪስ? ማታ ቆሻሻ ልትጥዪ በጓሮ በር ስትወጪስ?

ባለሱቋ፦ ያው ከባንኮኒው ሥር።

ሻምበል፦ ችግሩን ራስሽ ተናገርሽው። መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ዋናውን ለታጠቀ ሰው ነው። አንቺ ገና ዋናውን አልታጠቅሽም። ሰውዬው ባንኮኒውን ዘሎ ከገባ ግሎኳ የሱ ናት።

ባለሱቋ፦ በዚህ አልከራከርዎትም። ግን ፖሊሶቹም ከዋናው ሌላ ትንሽ ይይዛሉ። ለነሱ የጠቀመ ለኔ ለምን አይጠቅምም?

ሻምበል፦ ይጠቅማል። እንደ ምሳሌ የሚነሣውን ታሪክ ልንገርሽ። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ ውስጥ ስምንት የኤፍ ቢ አይ መርማሪዎች ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን አሳደው መኪናቸውን በመኪና ገጭተው አቆሙ። በግጭቱ ጊዜ አንደኛው መርማሪ አዘጋጅቶ የያዛት ዋና ሽጉጥ ጠፋችበት። የተረፈችው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያሰራት ባለ አምስት ጥይት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነበረች። በሷ ተዋጋ።

ባለሱቋ፦ ታዲያ ይህ የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው!

ሻምበል፦ አዎ፣ ይደግፋል። ያቺ ሽጉጥ ባትኖር ኖሮ ሰውዬው ባዶ እጁን ነበር። ቀሪውንም ግን ስሚ። አምስቱን ጥይት ተኩሶ ጨረሰ። እንደገና ሲያጎርስ እጁን ተመታ። ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከመቶ አርባ በላይ ጥይት በተተኮሰበት ውጊያ አምስት ጥይት ምን ያህል እንደሚያቆይ አስቢው። በዚያ ቀን ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፣ አምስቱ ቆሰሉ። ሁለቱ ዘራፊዎችም ሞቱ። እንግዲህ ትንሿ ሽጉጥ ዕድሜ ትሰጣለች፤ የምትሰጠው ግን አጭር ዕድሜ ነው። እሱንም በነፃ አትሰጥም።

ባለሱቋ፦ በነፃ አትሰጥም ሲሉ?

ሻምበል፦ ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ተሸካሚው የሚከፍለው ይጨምራል። ሻጩ ይህን አይነግርሽም። ሴት ስትገባ ካየ መጀመሪያ የሚያወጣው ከሁሉ ትንሿን ነው። «ለእርስዎ እጅ ተስማሚ ናት» ይላል። እኔ ይህ በጣም ያናድደኛል። ትንሿ ሽጉጥ የባለሙያ ሽጉጥ ናት። ከዋናዋ ይልቅ ለመተኮስም፣ ለመሸከምም፣ ለመጠበቅም ታስቸግራለች።

ባለሱቋ፦ እኔ ክብደት ማነስን እንደ ጥቅም ነበር የማየው። ሻጩ ያሳየኝ ሩገር ኤል ሲ ፒ የምትባለውን ነው። ስይዛት ምንም አልመሰለችኝም።

ሻምበል፦ ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ብትሆን ነው። ከ2008 ጀምሮ ብዙ ሕዝብ ገዝቷታል፤ መጥፎ ዕቃ አይደለችም። እኛ በጦሩ ቤት የታጠቅነው ማካሮቭ ከ700 ግራም በላይ ይመዝናል፤ የጥይቱም ጉልበት ከሷ ጥይት እምብዛም አይርቅም። የማካሮቭን ርግጫ የሚቀበለው ብረቱ ነው፤ እዚህ የሚቀበለው ያንቺ አውራ ጣትና አንጓ ነው። አምስተኛው ጥይት ላይ ስትደርሺ እጅሽ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ከዚያ ልምምዱን ትጠዪዋለሽ፤ ከዚያ ትተዪዋለሽ። ተማሪዎቼ ላይ ያየሁት ይህን ነው። መያዣዋ ለሁለት ጣት ብቻ ይበቃል፤ ማነጣጠሪያዋም የሩዝ ፍሬ ታህላለች።

ባለሱቋ፦ ከጥይቱስ ምን አሉኝ? ባለ 380 ነው የምትተኩሰው።

ሻምበል፦ እንደገና ወደ ማያሚ ልመልስሽ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና በመጀመሪያው በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ተመቶ ነበር። ጥይቱ ክንዱን አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባና ልቡ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ሰውዬው ቁስሉ ገዳይ ሆኖ ሳለ እየተዋጋ ቀጠለ። ኤፍ ቢ አይ ከዚያ በኋላ ጥይት ሲመርጥ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ መግባቱን የሚለካ ፈተና አወጣ። 380 ከአጭር አፈሙዝ ሲተኮስ ይህን መስፈርት በአስተማማኝ ማለፍ ይከብደዋል። አፉ የተቦረቦረው ጥይት ብዙ ጊዜ ሲከፈት ቶሎ ይቆማል፣ ካልተከፈተም እንደ ተራ ጥይት ያልፋል። 9 ሚሊ ሜትርን የሚችል እጅ ካለሽ ከሱ አትውረጂ።

ባለሱቋ፦ ሪቮልቨርስ? አንዷ ደንበኛዬ የምትይዘው እሱን ነው። «አይነክስም፣ አይከሽፍም» ትላለች።

ሻምበል፦ የማይከሽፍ መሣሪያ የለም። ሆኖም ለቅርብ ትግል ሪቮልቨር የራሱ ብልጫ አለው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከ1950 ጀምሮ የሚሠራቸው ትንንሾቹ ባለ አምስት ጥይቶች እስከ ዛሬ ከገበያ አልወጡም፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ባለ ካዝናዋን ሽጉጥ የአጥቂው አካል ላይ ከገፋሻት ከላይ የምትንሸራተተው ብረት፣ ስላይዷ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሽታ ላትተኩስ ትችላለች። ሪቮልቨር ይህ ችግር የለበትም። 642 የሚባለው ሞዴል መዶሻው በውስጥ የተደበቀ ስለሆነ በልብስ አይያዝም፤ ካስፈለገም ካፖርት ኪስ ውስጥ እንዳለ ይተኩሳል። ክብደቱ ከ400 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ባለሱቋ፦ እና እሱን ልግዛ?

ሻምበል፦ ቃታውን ስትስቢ ታዪዋለሽ። አምስት ኪሎ ገደማ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉዞውም ረጅም ነው። በጭንቅ ሰዓት፣ በአንድ እጅ፣ ምናልባት በግራ እጅ ይህን እየሳቡ ኢላማን አለመልቀቅ ከባድ ነው። አፈሙዙ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። አምስት ሜትር ላይ ወረቀቱን የሚስት ሰው ብዙ አይቻለሁ። አዘውትሮ የሚለማመድ ሰው ይያዘው። ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ለሚያኖረው ግን አልመክርም።

ባለሱቋ፦ ሁሉንም ነቀፉብኝ። ምን ልያዝ ታዲያ?

ሻምበል፦ አልነቀፍኩም፤ ዋጋቸውን ነገርኩሽ። አንቺ ግሎክ 19 ለምደሻል። ግሎክ 26 ታናሽ እህቷ ናት፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለች። ካዝናዋ 10 ጥይት ይይዛል። ባዶዋን 600 ግራም ገደማ ናት፤ ይህ ክብደት በርግጫው ጊዜ ይክስሻል። ቃታዋና ማነጣጠሪያዋ ከምታውቂው ጋር አንድ ናቸው፤ እጅሽ ብዙ አዲስ ነገር አይማርም። ከሁሉም በላይ የ19ኟ ካዝና በ26ቷ ውስጥ ይሠራል። በተቃራኒው ግን አይሆንም፤ የ26ቷ ካዝና ለ19ኟ ያጥራል። ይህን አትርሺ። ከዚህ የቀጠነች ከፈለግሽ በ2018 የወጣችው ሲግ ፒ 365 አለች፤ 500 ግራም ገደማ ሆና 10 ጥይት ትይዛለች። እሷ ከመምጣቷ በፊት በዚያ መጠን ስድስት ወይም ሰባት ጥይት ነበር የተለመደው።

ባለሱቋ፦ እናቴም ከኔ ጋር ሱቅ ትውላለች። የሷ እጅ ስላይድ መሳብ አይችልም፤ ቁርጥማት አለባት።

ሻምበል፦ እሳቸው መታጠቅ ይፈልጋሉ?

ባለሱቋ፦ አትፈልግም። እንዲያውም ትቃወማለች።

ሻምበል፦ እንግዲያው ይከበሩ። የማይፈልግን ሰው ማስታጠቅ አደጋ ነው። ስላይዳቸው ለደካማ እጅ እንዲቀል ተደርጎ የተሠሩ ሽጉጦች አሉ፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ አንዷ ናት። ለእሳቸው ግን ከሽጉጥ ይልቅ የሚቆለፍ የጓዳ በርና እጃቸው ላይ ያለ ስልክ ይሻላል።

ባለሱቋ፦ እሺ፣ ወደ አያያዙ እንግባ። ወንዶቹ ቀበቶ አላቸው። እኔ አብዛኛውን ቀን በቀሚስ ነኝ። በቦርሳ ብይዛትስ?

ሻምበል፦ ቦርሳውን እርሺው። በዲሴምበር 2014 አይዳሆ ውስጥ፣ ሔይደን በምትባል ከተማ፣ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ገበያ ወጣች። ሽጉጧ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ፣ ዚፕ ባለው የቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ነበረች። ልጁ ከፍቶ አወጣትና እናቱን ገደላት። ይህች ሴት ግድ የለሽ አልነበረችም፤ ሽጉጥ መያዝ የለመደች ሰው ነበረች። ቦርሳ ከትከሻሽ ይወርዳል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሌባ ይነጥቀዋል። ሌባው መጀመሪያ የሚፈልገውም ቦርሳሽን ነው። አንቺም ልጆች አሉሽ። ስለዚህ ወይ ሰውነትሽ ላይ ትሁን፣ ወይ በተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ። ሦስተኛ ቦታ የላትም።

ባለሱቋ፦ ሰውነቴ ላይ እንዴት?

ሻምበል፦ ሆድ ላይ እንደ መቀነት የሚጠመጠም፣ የሽጉጥ ቤት የተሠራበት ሰፊ ላስቲክ አለ፤ በቀሚስ ሥር ይሆናል። ቃታውን በጠንካራ ነገር የሚሸፍን መሆን አለበት። ጨርቅ ብቻ የሆነውን አትግዢ፤ ጣት በጨርቁ ላይ ቃታውን ሊነካ ይችላል። ክረምት ሲሆንና ካፖርት ስትለብሺ ደግሞ ለኪስ የተሠራ የሽጉጥ ቤት አለ። ለኪስ ደንቡ አጭር ነው፤ ሽጉጥ ባለበት ኪስ ሌላ ምንም አይግባ። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ከንፈር ቅባት፣ ሁሉም ቃታ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በየሳምንቱም አውጥተሽ አቧራውንና የጨርቅ ብናኙን አጽጂ፤ ላብ ብረት ያዝጋል።

ባለሱቋ፦ ቁርጭምጭሚትስ? መርማሪው እንደዚያ አልነበር የያዛት?

ሻምበል፦ እሱ ተቀምጦ ለሚውል፣ መኪና ለሚነዳ ሰው ይመቻል። ቆመሽ ለምትውዪው ግን ማጎንበስ አለብሽ፣ ሱሪ መግለብ አለብሽ። ሰው እየመጣብሽ እንዴት ታጎነብሻለሽ? አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ፤ መሣሪያ የምታስሪበት ቦታ በጥድፊያ የሚመረጥ አይደለም። የመረጥሽውን ቦታ ደግሞ አትቀያይሪ። ዛሬ ኪስ፣ ነገ ወገብ ካልሽ በጭንቅ ሰዓት እጅሽ የሚሄደው ወደ ባዶው ነው።

ባለሱቋ፦ አሁን የገባኝ ይመስለኛል። እኔ መጠባበቂያ ብዬ የጠየቅሁት ዋናው ሊሆን ነው።

ሻምበል፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። 26ቷ ሱቅ ስትሆኚ ሁልጊዜ ከሰውነትሽ አትለይ፤ 19ኟ ቤት በሳጥን ተቆልፋ ትቀመጥ። በባንኮኒው ሥር ምንም አይኑር። ባለ ካዝና ሽጉጥ ሲነክስ ብዙ ጊዜ ችግሩ ካዝናው ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሽጉጥ ከመሸከም ሁለተኛ ካዝና መያዝ ይበልጣል። የ19ኟን ካዝና ግራ ኪስሽ ክተቺ። ለአብዛኛው ሰው በቂው መጠባበቂያ ይህ ነው። እንደ ድሮው ሁለት ሪቮልቨር ይዞ መዞር የመጣው እኮ ሪቮልቨርን በውጊያ መካከል ማጉረስ አስቸጋሪ ስለነበር ነው።

ባለሱቋ፦ ስንት ጊዜ ልለማመድ?

ሻምበል፦ ማንኛዋንም ከመግዛትሽ በፊት ተከራይተሽ ተኩሺ። አብዛኛው የተኩስ መለማመጃ ቦታ ያከራያል። ከገዛሽ በኋላ ልትይዢው ባሰብሽው ዓይነት ጥይት ጭምር 200 ያህል ሳትነክስ እስክትተኩስ ድረስ አትመኚያት። ከዚያ በወር አንድ ሳጥን፣ 50 ጥይት። ከሦስት እስከ ሰባት ሜትር። በቀኝ ብቻ፣ በግራ ብቻ፣ ወደ ኋላ እየተራመድሽ። ቤት ውስጥ ደግሞ ጥይት ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ በባዶው መምዘዝ ተለማመጂ። በየወሩ ይህን ማድረግ ካልቻልሽ ትንሿን አትያዢ። ይህን የምለው በጥላቻ አይደለም፤ ሰው እንዳትገድዪ፣ ሰውም እንዳይገድልሽ ነው።

ባለሱቋ፦ ሌባው ገንዘቡን ይዞ ሲሮጥ ብተኩስበትስ?

ሻምበል፦ ወንጀለኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። በቨርጂኒያ ሕግ ሰውን በሚገድል ኃይል መከላከል የሚቻለው ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ወዲያውኑ ሊደርስብሽ መሆኑን በበቂ ምክንያት ስትፈሪ ብቻ ነው። ለገንዘብ ብቻ፣ ለሲጋራ ካርቶን ብቻ አይፈቀድም። ለማስፈራራት ወደ ሰማይ መተኮስም የለም። የተዘረጋ እጅ ካየሽ ገንዘቡን ስጪና ይሂድ። እኔ ጦርነት አይቻለሁ፤ አንድ ቀን ሰው ገድሎ ደኅና አድሮ የሚነሣ ጤነኛ ሰው አላየሁም።

ባለሱቋ፦ የመያዣ ፈቃዱ ያስፈልገኛል?

ሻምበል፦ በራስሽ ሱቅና በራስሽ ቤት ውስጥ ደብቀሽ ብትታጠቂ ፈቃድ አይጠየቅሽም። ከበሩ ስትወጪ ግን ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠው የአካባቢሽ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ሽጉጥ ደብቆ የያዘ ሰው አልኮል መጠጣት አይችልም። ሠርግ ተጠርተሽ ከታጠቅሽ አንድ ብርጭቆም አትቅመሺ፤ ወይ ደግሞ ሽጉጧን ቤት ቆልፈሽ ሂጂ።

ባለሱቋ፦ እሑድ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ እሄዳለሁ። እህቴ እዚያ ናት።

ሻምበል፦ እንዲያውም ሳላነሣው ልሄድ የማልችለው ነገር ይህ ነው። የዉድሮ ዊልሰንን ድልድይ ስትሻገሪ ሜሪላንድ ነው። ሜሪላንድ የሌላውን ክፍለ ግዛት ፈቃድ አይቀበልም። የራሱን ፈቃድ ለማግኘት የ16 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ዋሽንግተን ዲሲም የቨርጂኒያን አይቀበልም። ግሎክ 19ን የሚያህል ከባድ ነገር ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ድልድይ ከመሻገሯ በፊት ትዝ ይላታል። ትንሿ ግን ካፖርት ኪስ ውስጥ ትረሳለች። በ2023 በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ፍተሻ ላይ 6,737 የጦር መሣሪያ ተይዟል፤ 93 ከመቶ ያህሉ ጥይት የጎረሰ ነው። እነዚህ ሁሉ አውሮፕላን ጠላፊዎች አይደሉም። ብዙዎቹ «ቦርሳዬ ውስጥ መሆኗን ረስቼ ነው» ያሉ ናቸው።

ባለሱቋ፦ ብያዝ ቅጣት እከፍላለሁ እንጂ...

ሻምበል፦ ዜግነት ወስደሻል?

ባለሱቋ፦ ገና ነኝ። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ።

ሻምበል፦ እንግዲያው ቅጣቱ በገንዘብ አያበቃም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛት ይችላል፤ በዚህ ሕጉ አልከለከለሽም። ነገር ግን የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ በጦር መሣሪያ ወንጀል፣ ያለ ፈቃድ መያዝንም ጨምሮ፣ የተፈረደበትን ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ለማስወጣት ምክንያት ያደርገዋል። ዓመታት ግብር ከፍለሽ፣ ልጆችሽን እዚህ ወልደሽ፣ አንድ ምሽት በረሳሻት 600 ግራም ብረት ምክንያት ከኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ልትቆሚ ትችያለሽ። ጠበቃሽ «ጥፋተኛ ነኝ በይና በትንሽ ቅጣት ይለቅ» ቢልሽ እንኳ ኢሚግሬሽን የሚያውቅ ሌላ ጠበቃ ሳታማክሪ አትፈርሚ።

ባለሱቋ፦ ይህን ማንም አልነገረኝም።

ሻምበል፦ በተማሪ ቪዛ የመጣ የእህትሽ ልጅ ቤትሽ ነው ብለሽኛል። ለሱ ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ መያዝ ራሱ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ለጨዋታ ብለሽ መለማመጃ ቦታ ወስደሽ አታስይዢው። ታክሲ ለሚነዳው ወንድምሽም ንገሪው፤ ኡበርና ሊፍት ሾፌሮቻቸው መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ፣ ከተገኘም ከሥራ ሊያሰናብቱ ይችላሉ። አገር ቤት ይዞ መሄድን ደግሞ ፈጽሞ አታስቢው፤ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባት በወንጀል ያስጠይቃል።

ባለሱቋ፦ በአጭሩ ይንገሩኝ፣ ሻምበል። ልግዛ ወይስ ልተው?

ሻምበል፦ በወር አንድ ቀን ለልምምድ መስጠት ከቻልሽ፣ የብረት ሳጥን ከገዛሽ፣ የቨርጂኒያ ፈቃድሽን ካወጣሽ፣ ግሎክ 26ን ግዢና ታጠቂያት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ገንዘቡን በጓሮው በር ላይ መብራት፣ ካሜራና ጠንካራ ቁልፍ አድርጊበት፤ እነሱ ማንንም አይገድሉም፣ ከአገርም አያስወጡሽም። በዚህ አካባቢ ሱቅ ያለውን፣ ነዳጅ ማደያ የሚሠራውን ወገን ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ የቨርጂኒያ ፈቃድ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ወረቀት ብቻ ነው፤ ድልድዩን ከመሻገራችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ።